«አስተሳሰብሽን ቀይሪ» ሲሉኝ በተግባር ምን ላድርግ?

የሌሊት ፈረቃ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ነው፣ ሥራ ቦታ የእረፍት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። 20 ደቂቃ ስላለችኝ ፊደል ብስት እለፉልኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ጂኤንኤ ነኝ፣ የነርስ ረዳት ማለት ነው። ማታ 5 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ። በአንድ ሌሊት 14 ሰው ይደርሰኛል። በየ2 ሰዓቱ አገላብጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ ዳይፐር እቀይራለሁ፣ ደወል ሲጠራ እሮጣለሁ። ሥራውን አልንቀውም፣ እንጀራዬ ነው። ግን አገር ቤት ነርስ ነበርኩ። ጎንደር ተምሬ በዲግሪ ከተመረቅሁ በኋላ ወሎ ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን ደም ሥር ፈልጌ ግሉኮስ ሰክቻለሁ። ሐኪም በሌለበት ሌሊት ብቻዬን አዋልጃለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ «ቢበዛ በ2 ዓመት አርኤን፣ ፈቃድ ያላት ነርስ፣ እሆናለሁ» ብዬ ነበር። ይኸው 5ኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን፣ ኤንክሌክስን፣ 2 ጊዜ ወድቄያለሁ። አብረውኝ ያጠኑ ልጆች 85 ጥያቄ ላይ ተዘግቶላቸው አለፉ። እኔን በመጀመሪያው ጊዜ 150 ድረስ ወስዶኝ ነው የጣለኝ። ያን ያህል ደክሜ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄ ሳይቀር መልሼ መውደቄን ለማንም መናገር አፈርኩ። በሁለተኛው 112 ላይ ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ስገልጥ ዓይኔ ያነባል፣ ልቤ ግን የለም።

የሚያስቸግረኝን በግልጽ ልናገር። 9ኛ ክፍል እያለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ክፍሉ ፊት አቁሞ አንድ አንቀጽ አስነበበኝ። ተንተባተብኩ። «አንቺ ለቋንቋ አልተፈጠርሽም፣ ተቀመጪ» አለኝ። የዚያን ቀን የለበስኩትን ቡናማ ሹራብ ሳይቀር አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ 15 ዓመቴ ነበር፣ ዛሬ 34 ነኝ። ፈተናው ላይ ረጅም ጥያቄ ሲመጣ ግን ከእንግሊዝኛው ቀድሞ የሚሰማኝ የሱ ድምፅ ነው። አራቱን ምርጫዎች 4 ጊዜ አነባቸዋለሁ። የመረጥኩትን እንኳ አላምነውም፣ እቀይረዋለሁ። ቤት ስለማመድም እንዲሁ ነኝ፤ መልሱን ሳየው የመጀመሪያው ልክ ነበር።

እናቴ ደግሞ ለጎረቤት «ልጄ እዚያም ነርስ ናት» ትላለች። አላረምኳትም። እሑድ እሑድ ስደውልላት ይህ ነገር ደረቴ ላይ ይቀመጣል።

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የትምህርቱ ርእስ አስተሳሰብ ሕይወትን እንዴት እንደሚመራ ነበር። ሮሜ 12፥2 ተነበበ፣ «በልባችሁ መታደስ ተለወጡ» የሚለው። ስለ እኔ የተነገረ መሰለኝና ሲያልቅ ለጸሎት ወጣሁ። የጸለየልኝ ወንድም በቅንነት «እህቴ፣ አንቺ አስተሳሰብሽን ቀይሪ፣ የቀረውን ጌታ ይሠራዋል» አለኝ። አሜን አልኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ልብስ ቢሆን አውልቄ ሌላ እለብሳለሁ። አስተሳሰብ እንዴት ነው የሚወልቀው? ማክሰኞ ጠዋት ከሥራ ስወጣ፣ በዚህ ድካም ላይ፣ ምን አድርጊ ነው የምትሉኝ?

ሌላው የምፈራው ጥያቄ፣ ሁለት ጊዜ መውደቄ ጌታ በሩን እየዘጋ መሆኑ ይሆን? እየታገልኩ ያለሁት ከፈቃዱ ጋር ቢሆንስ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ምከሩኝ።

---

ድል በኢየሱስ

እህቴ ተባረኪ። «ሞትና ሕይወት በምላስ እጅ ናቸው» ይላል ቃሉ። «ወደቅሁ»፣ «አልችልም»፣ «አልገባኝም» የሚሉትን ከአፍሽ አስወግጂ። ጠዋት ስትነሺ መስታወት ፊት ቆመሽ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» በዪ። እኔ ይህን ለ40 ቀን አድርጌ ሕይወቴ ተለውጧል፤ ከሥራ ተባርሬ በነበረበት ጊዜ ከአልጋ ያስነሳኝ ይህ ነው። የዚያን አስተማሪ ቃል ደግሞ በኢየሱስ ስም ሻሪው። እጸልይልሻለሁ።

---

ሒሳብ ሠራተኛው (አዲስ አበባ)

እኅቴ፣ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ የጸሎት ቤታችን ቢለያይም ጥያቄሽ የኔም ጥያቄ ስለነበረ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«መጽሐፉን ስገልጥ ዓይኔ ያነባል፣ ልቤ ግን የለም» ብለሻል። መልሱ ከዚያው የሚጀምር ይመስለኛል። ሐዋርያው «በልባችሁ መታደስ» ያለውን ስናነብ ልብ ሲባል ስሜት ብቻ ይመስለናል። በቋንቋችን ግን የምናስበው በልብ ነው። «ልብ በይ» ማለት አስተውይ ማለት ነው። «ልብ ገዛ» የምንለው ማሰብ የጀመረውን ሰው ነው። ስለዚህ የልብ መታደስ ትልቅ የስሜት ማዕበል እስኪመጣ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ልብ የምትዪውን ነገር መለወጥ ነው። ንስሐ ብለን የምንጠራው በግሪኩ ሜታኖያ ነው፣ አእምሮን መለወጥ። የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፣ እስከ ዕለተ ሞት ነው።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። ሐሳብና ሒሳብ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ ማሰብ መቁጠር፣ ማወራረድ ነው። እኛ ቢሮ ደረሰኝ የሌለው ወጪ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ያመጣው ሥራ አስኪያጁ ቢሆንም አይሰፍርም። አንቺ ግን «ለቋንቋ አልተፈጠርኩም» የሚለውን ያለ ደረሰኝ መዝግበሽ 19 ዓመት ሙሉ እያወራረድሽ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ አንቀጽ ሰምቶ የተናገረው ነው። ከዚያ በኋላ ጎንደር በእንግሊዝኛ ተምረሽ ተመርቀሻል። በየሌሊቱ የበሽተኛ ሪፖርት የምትጽፊው በምን ቋንቋ ነው? ይህ ደረሰኝ ለምን አልገባም?

የንስሐ አባቴ የመከሩኝን ልንገርሽ። ሐሳብ መጥቶ ደጅሽ ላይ ሲቆም አንቺ አልጠራሽውምና አትጨነቂ፤ ወንበር ስትሰጪው ግን ተጠያቂ ነሽ አሉኝ። እኔ ደብተር ይዣለሁ። የሚያስጨንቀኝ ሐሳብ ሲመጣ በግራ እጽፈዋለሁ፣ በቀኝ ደረሰኙን እፈልጋለሁ። አንዳንዱ እውነት ደረሰኝ አለው፤ ለምሳሌ ሰውን በቁጣዬ አስቀይሜ ከሆነ ሐሳቡ ልክ ነው፣ ይቅርታ ልጠይቅ እሄዳለሁ። አብዛኛው ግን ቀኙ ባዶ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ምሳሌ 23፥7 «በልቡ እንዳሰበ እንዲሁ ነውና» የሚለው በየስብከቱ ይጠቀሳል፣ የምታስቢውን ትሆኛለሽ ለማለት። ከላይና ከታች ያለውን አንብቢው። ንፉግ ሰው «ብላ ጠጣ» እያለ ልቡ ከእንግዳው ጋር እንዳልሆነ ነው የሚናገረው። አሰብሽ ማለት ሆንሽ ማለት አይደለም። «እወድቃለሁ» ብለሽ ስላሰብሽ እግዚአብሔር አይጥልሽም። በሐሳብሽ ራስሽን የጣልሽ መስሎሽ ተጨማሪ ጭንቀት እንዳትሸከሚ ብዬ ነው።

---

የ22 ዓመት ነርስ (ቨርጂኒያ)

ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ልጄ ያልኩሽ በዕድሜ ስለምበልጥሽ ነው፣ የመጀመሪያ ልጄ እኩያሽ ናት። እዚህ አገር 22 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ፈተናውን ያለፍኩት በ3ኛው ነው። ያኔ ከ75 ጥያቄ ጀምሮ እስከ 265 ይሄድ ነበር። ከዚያ በፊት እኔም እንዳንቺ ሌሊት ሌሊት ሰው ሳጥብ ነበር።

ጽሑፍሽን 2 ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ፤ «150 ድረስ ወስዶኝ ነው የጣለኝ» ያልሽው ላይ። እንደ ትልቅ ውርደት ነው የጻፍሽው። ማን ነው እንዲህ ብሎ የተረጎመልሽ?

ፈተናው የሚሠራበትን መንገድ ልንገርሽ። ኮምፒዩተሩ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ አይሰጥም። ስትመልሺ ከበድ ያለ፣ ስትስቺ ቀለል ያለ ያመጣል። የሚፈልግልሽ በአንቺ አቅም የማግኘትም የመሳትም ዕድሉ ግማሽ ለግማሽ የሆነውን ጥያቄ ነው። ስለዚህ ጎበዟም ደካማዋም ከዚያ ክፍል የምትወጣው «ግማሹን ሳትኩት» እያለች ነው። አሠራሩ ነው፣ አንቺ ላይ ብቻ የመጣ አይደለም። ከ85 በኋላ የሚቆመው ደግሞ «ይህች ሰው ከማለፊያው መስመር በላይ ናት» ወይም «በታች ናት» ለማለት 95 በመቶ እርግጠኛ ሲሆን ነው። እርግጠኛ መሆን ካቃተው ይቀጥላል። 150 ድረስ ወሰደሽ ማለት እስከ መጨረሻዋ ጥያቄ ድረስ ወደቀች ሊልሽ አልቻለም ማለት ነው። መስመሩ አጠገብ ነበርሽ ልጄ። በጥቂት ነው ያመለጠሽ። አንቺ ግን ይህን የመሰለ ዜና እንደ መርዶ ይዘሽ ስንት ወር ተቀመጥሽ?

ከባድ ጥያቄ ሲመጣ የዚያ አስተማሪ ድምፅ ይሰማኛል ብለሻል። ከባዱ ጥያቄ የመጣው ግን የፊተኛውን በትክክል ስለመለስሽ ሊሆን ይችላል። ማለፊያሽ እየቀረበ ሲመጣ አንቺ መውደቂያዬ ነው ብለሽ ትደነግጫለሽ። ደንግጠሽም ልክ የነበረውን መልስ ትቀይሪያለሽ።

ዘኍልቍ 13ን አንብቢ። 12ቱ ሰላዮች 40 ቀን ምድሪቱን ዞረው ተመለሱ። ዐሥሩ «እኛም በዓይናችን ግምት እንደ አንበጣዎች ነበርን» አሉ፣ በእነርሱም ዓይን እንዲሁ ነበርን ብለው ጨመሩበት። ይህን ማን ነገራቸው? ከዔናቅ ልጆች ጋር ተቀምጠው አልተጨዋወቱም። ገመቱ። 40 ዓመት ቆይቶ ኢያሱ 2 ላይ ረዓብ ኢያሱ ለላካቸው ሰላዮች የኢያሪኮን ሰዎች ልብ ገልጣ ትነግራቸዋለች፤ ስለ ቀይ ባሕር ከሰማን ጀምሮ ልባችን ቀልጧል አለቻቸው። ዐሥሩ እንደ አንበጣ ያዩናል ብለው ሲፈሩ፣ በግንቡ ውስጥ ያሉት ደግሞ እነርሱን ይፈሩ ነበር። የአንድ ትውልድ ሕይወት በረሃ ውስጥ ያለቀው በዚያ ግምት ነው።

ልብ በዪ ደግሞ፣ ከዐሥሩ የተለየው ሰላይ ካሌብ «ግንብ የለም» አላለም። ግንቡ ነበረ፣ ረጅም ነበረ። ፊልጵስዩስ 4፥8 ላይ ጳውሎስ «እነዚህን አስቡ» ብሎ ሲዘረዝር መጀመሪያ ያስቀመጠው «እውነተኛ የሆነውን ነገር ሁሉ» ነው። ደስ የሚያሰኘውን አላስቀደመም። ይህን የምልሽ ራሴ በሌላ መንገድ ሄጄ ስለተጎዳሁ ነው። ከ2ኛው ፈተናዬ በፊት በየጠዋቱ «አልፌያለሁ» ብዬ አውጅ ነበር። ወንድማችን ከላይ ያለውን አልቃወምም፣ ከአልጋ ያስነሳው ቃል እኔንም አስነስቶኛል። እኔ ግን አዋጁን የተጠቀምኩበት ፍርሃቴን ላለማየት ነበር። የመድኃኒት ስሌት ይከብደኝ ነበር፤ መጽሐፌ በዚያ ምዕራፍ በኩል አዲስ እንደሆነ ነው የቀረው። ወደቅሁ። ሳለቅስ ሰንብቼ ጸሎቴ ተለወጠ። «አሳልፈኝ» ማለቱን ትቼ «የማላውቀውን አሳየኝ» ማለት ጀመርኩ። ያ ጸሎት ያስፈራል፣ ምክንያቱም ይመለሳል። በ3 ወር ያን ምዕራፍ አስረጀሁት።

በሩን እየዘጋብኝ ይሆን ላልሽው፣ ያቺኑ ሮሜ 12፥2 እስከ መጨረሻ አንብቢያት። ፈቃዱ ምን እንደሆነ «ፈትናችሁ ታውቁ ዘንድ» ነው በልባችሁ ታደሱ የተባለው። መታደሱ ይቀድማል፣ ማወቁ ይከተላል። በድካምና በሐፍረት በደነዘዘ ልብ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ከጠቆረ ስክሪን ላይ ለማንበብ አትሞክሪ። ደግሞ «ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን ጳውሎስ የጻፈው በእስራት ሆኖ ነው፤ መጥገብንም መራብንም ተምሬያለሁ ካለ በኋላ። 3ኛውንም ብትወድቂ የሚሸከምሽ ቃል ነው።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ከወደቅሽ በኋላ የተላከልሽ ውጤት አለ። 8 ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ ከማለፊያው በላይ፣ አጠገቡ፣ ወይም በታች እንደሆንሽ ይነግርሻል። አንብበሽዋል?

---

ሁለት ሥራ (ሚኒሶታ)

ሁሉም ያላችሁት መልካም ነው። ነገር ግን ስለ እንቅልፏ የጠየቃት የለም። ጠዋት 1 ሰዓት ከሥራ ወጥታ ቤት ደርሳ ስንት ሰዓት ትተኛለች?

እኔ የዛሬ 3 ዓመት «ጌታ ትቶኛል» ብዬ ያመንኩበት ጊዜ ነበር። በቀን 4 ሰዓት እየተኛሁ ሁለት ሥራ እሠራ ነበር። አንድ ሽማግሌ 1 ነገሥት 19ን እንዳነብ ነገሩኝ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ተኝቶ ነፍሴን ውሰድ ሲል እግዚአብሔር አልገሠጸውም። መልአኩ ዳሰሰው፣ እንጎቻና ውኃ አጠገቡ ነበር፣ «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ተኛ። እንደገና ቀሰቀሰው፣ በላ። ስለ ሐሳቡ የተነጋገሩት ከ40 ቀን በኋላ ኮሬብ ላይ ነው። እዚያም «ብቻዬን ቀርቻለሁ» ሲል፣ ለበኣል ያልሰገደ 7,000 ሰው እንዳለ ነገረው። መጀመሪያ ተኚ እኅቴ። ከድካም የሚወጣውን ሐሳብ ሁሉ የራስሽ እምነት ነው ብለሽ አትቀበዪው።

---

የሌሊት ፈረቃ (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርክልኝ። መልሳችሁን በአንድ ጊዜ አላነበብኩትም፤ ትንሽ አነብና አስቀምጠዋለሁ።

እትዬ፣ ውጤቱን አላነበብኩትም ነበር። የመጀመሪያውን አሳትሜ ሻንጣ ውስጥ፣ ከአገር ቤት ዲግሪዬ ጋር አስገብቼው ነበር። «አልፈሽም» የሚለውን አይቼ ወደ ታች አልወረድኩም። ያሉኝን ካነበብኩ በኋላ 2 ቀን አልነካሁትም። ሐሙስ ጠዋት ተኝቼ ከተነሣሁ በኋላ ባለቤቴን አጠገቤ ይቀመጥ አልኩት፣ ጸለይን፣ አወጣሁት።

በ5 ክፍል አጠገቡ ነኝ። በ2 ከመስመሩ በታች ነኝ፤ አንዱ መድኃኒት ነው፣ ሌላው የእንክብካቤ አስተዳደር የሚባለው። በ1 ከመስመሩ በላይ ነኝ። እሱም መሠረታዊ እንክብካቤና ምቾት ነው። ባለቤቴ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፣ እኔ ማንበብ አቃተኝ። በየሌሊቱ የማደርገው ነገር ነው።

«ወደቅሁ» ስል ሁሉም ነገር አንድ ላይ የፈረሰ ነበር የሚመስለኝ። ለካ 2 ምዕራፍ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አስተዳደር የሚባለው ላይ «ነርሷ ይህን ሥራ ለረዳት መስጠት ትችላለች ወይስ ራሷ ትሥራው» የሚሉ ጥያቄዎች ይበዛሉ። አገር ቤት የሚያጥበውና የሚያበላው አስታማሚው ነው፣ የቀረውን ሁሉ እኛው እንሠራዋለን። ለማን ምን እንደሚሰጥ አስቤ አላውቅም። እንዴት ነው ያጠኑት?

---

የ22 ዓመት ነርስ (ቨርጂኒያ)

ልጄ፣ ያቺ ረዳት እኮ አንቺ ነሽ!

ትናንት ማታ ነርሷ ምን ሰጠችሽ? ሙቀትና የደም ግፊት መለካት፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ የተረጋጋውን ሰው መጸዳጃ ቤት መውሰድ፣ የጠጣውንና የሸናውን መጻፍ። ምን አልሰጠችሽም? አዲስ የገባውን በሽተኛ መመርመር፣ ስለ መድኃኒቱ ማስተማር፣ የተሰጠው ሕክምና ሠርቶ እንደሆነ መመዘን። የሰውየው ሁኔታ በድንገት ሲለወጥስ? ነርሷን ትጠሪያለሽ፣ አይደል? ጥያቄው ይኸው ነው። ሌላዋ ከመጽሐፍ የምትሸመድደውን አንቺ በእግርሽ ታውቂዋለሽ። ፈረቃ ስትገቢ ነርሷ የምትሰጥሽንና የማትሰጥሽን ለ1 ሳምንት ልብ በዪ፣ ለምን ብለሽ ጠይቂያት፣ ጻፊው። ለመድኃኒቱ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንሥራ፣ በውስጥ መልእክት ጻፊልኝ።

---

የሌሊት ፈረቃ (ሜሪላንድ)

ከ3 ሳምንት በኋላ ነው የተመለስኩት፣ ይቅርታ። ከእትዬ ጋር 3 ቅዳሜ ሠርተናል። የመድኃኒቱ ምዕራፍ ገና ነው፣ የልብ መድኃኒቶች ላይ ነን። ከሚኒሶታ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ መስኮቱን በጥቁር መጋረጃ ሸፍነን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት መተኛት ጀምሬያለሁ። ስልኬ ከክፍሉ ውጭ ነው የሚያድረው። ለ40 ቀን ያልከኝ ወንድሜም፣ ቃሉን ሥራ ስገባ ሊፍት ውስጥ እለዋለሁ።

ደብተሩንም ገዝቻለሁ። በግራ በኩል «ለቋንቋ አልተፈጠርሽም» ብዬ ጻፍኩ። በቀኝ በኩል ለጥቂት ቀን ባዶ ነበር። ከዚያ አንድ ሌሊት የ9 ቁጥሯ እናት ትንፋሻቸው ተለወጠብኝ፤ ነርሷን ጠርቼ ያየሁትን ነገርኳት፣ እሷም በስልክ ለሐኪሙ የኔኑ ቃል ቃል በቃል ደገመችለት። በእንግሊዝኛ ነው የነገርኳት። ጠዋት ቤት ገብቼ ቀኑን ጽፌ አሰፈርኩት። ድምፁ አልጠፋም፣ ውሸት አልናገርም። ግን አሁን ሲመጣ እሱ ብቻውን አይደለም የሚናገረው።

እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ እዚህ ገና ነርስ አልሆንኩም። ፈተናውን 2 ጊዜ ወድቄያለሁ። የምሠራው አረጋውያን ማጠብና ማገላበጥ ነው» አልኳት። ይህን ለመናገር 5 ዓመት ፈጅቶብኛል። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ «ከባድ ሰው ስታነሺ ወገብሽን ያዝ አድርጊ» አለችኝ። ስለ ጎረቤቱም ስለ ነርስነቱም አንድ ቃል አላነሣችም። የአያቴን የመጨረሻ 2 ዓመት እሷው እንዳጠበቻት፣ በምን ቅባት ጀርባዋን ታሸው እንደነበር ስታጫውተኝ አንድ ሰዓት ሞላ። አላውቅም ነበር፣ ልጅ ነበርኩ።

የፈተናውን ቀን ገና አልያዝኩም፤ እትዬ የልብ መድኃኒቶቹን ሳንጨርስ አይሆንም ብለውኛል። ዛሬ በእረፍቴ 10 ጥያቄ ሠርቼ 6 አገኘሁ። ከሳትኳቸው 4 ውስጥ ሁለቱን ልክ ከመለስኩ በኋላ ቀይሬያቸው ነው። ጽፌያቸዋለሁ፣ ቅዳሜ እናያቸዋለን። ደወል እየጠራ ነው፣ የ9 ቁጥሯ ናቸው፣ ልሂድ።